ለወሎ ረሀብ ዋይ ያለ ድምፅ፦ የጥላሁን ገሠሠ ሕይወትና ዜማ

ከወልዲያ ተነስቶ ወደ አላማጣ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ቆቦ ከተማን አቋርጦ ያልፋል። በዚህ ጎዳና እህልና ከብት፣ ነጋዴና መንገደኛ ብቻ ሳይሆን ዜማም ሲመላለስ ኖሯል። ራዲዮ የጥቂቶች ሀብት በነበረበት ዘመን የራያ ቆላ ሰው የከተማውን ዘፈን የሰማው ከሻይ ቤት ራዲዮ ነበር፤ ካሴት በመጣ ጊዜ ደግሞ ከጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ። በዚያ ሁሉ ዘመን ከሌሎቹ ልቆ ሲሰማ የኖረው አንድ ድምፅ የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ ነው።

ጥላሁን የወሎ ተወላጅ አልነበረም። ትውልዱም ዕድገቱም ከራያ ሜዳ ሩቅ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ምድር በታሪኩ ከባድ ከሚባሉት የመከራ ዓመታት አንዱን ባሳለፈ ጊዜ፣ ያን መከራ ከቤተ መንግሥት እስከ ገጠር ጎጆ በተሰማ ዜማ ያለቀሰው እርሱ ነበር። ስለዚህም የድምፃዊውን ሕይወት መተረክ ለቆቦና ለአካባቢዋ ሰው የራስን ታሪክ አንድ ምዕራፍ እንደ መተረክ ይሆናል።

ከወሊሶ ትምህርት ቤት እስከ ሀገር ፍቅር

ጥላሁን ገሠሠ መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም፣ በመስቀል ዕለት፣ በአዲስ አበባ ከተማ ተወለደ። እናቱ ወይዘሮ ጌጤ ጉርሙ፣ አባቱም አቶ ገሠሠ ንጉሤ ይባላሉ። በእናቱ ወገን ኦሮሞ፣ በአባቱ ወገን አማራ በመሆኑ ሁለቱም ቋንቋዎች የቤቱ ቋንቋዎች ነበሩ። በኋላ በሁለቱም ሲያዜም አንዱን እንደ እናት ቋንቋ፣ ሌላውን እንደ እንግዳ ቋንቋ አልነበረም የያዘው።

ልጅነቱን ያሳለፈው በወሊሶ በአያቱ ቤት ሲሆን የተማረውም በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ነው። አያቱ ልጁ በትምህርቱ እንዲገፋ እንጂ በዘፈን እንዲታወቅ አልፈለጉም። በዚያ ዘመን አዝማሪነት እንደ ክቡር ሙያ አይታይም ነበርና የአያቱ ሥጋት የብዙ ወላጆች ሥጋት ነበር። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር የነበሩት ሱዳናዊው ሚስተር ሸዳድ ግን የልጁን ስጦታ ቀድመው ተመለከቱ፤ ወደ ሙዚቃው እንዲያዘነብልም አበረታቱት።

የሕይወቱን አቅጣጫ የለወጠው አጋጣሚ የሀገር ፍቅር ማኅበር ከያንያን ወደ ወሊሶ መምጣታቸው ነበር። ወይዘሮ ንጋቷ ከልካይ፣ አቶ ኢዮኤል ዮሐንስና ባልደረቦቻቸው በትምህርት ቤቱ ዝግጅታቸውን ባቀረቡ ጊዜ ልጁ ጥላሁን ቀርቦ ምኞቱን ገለጸላቸው። አቶ ኢዮኤልም በዚህ ሙያ መኖር ከፈለገ መንገዱ ወደ አዲስ አበባ መሆኑን ነገሩት። ምክሩ በልጁ ልብ ውስጥ ሥር ሰደደ።

ብዙም ሳይቆይ ጥላሁን ከቤት ጠፍቶ በእግሩ ወደ ቱሉ ቦሎ ተጓዘ። በዚያ ከዘመድ ቤት አረፈ፤ ዘመዱም ለአያቱ መልእክት ልከው ወደ ወሊሶ እንዲመለስ ተደረገ። በአያቱ ቤት ያደረው ግን አንዲት ሌሊት ብቻ ነበር። በማግስቱ ዕቃ በጫነ መኪና ላይ ተደብቆ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም።

አዲስ አበባ እንደ ደረሰ የተቀበለው በ1927 ዓ.ም የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ነው። ማኅበሩ በጣልያን ወረራ ዋዜማ ሕዝብን ለሀገር መከላከል ለማነሳሳት የተቋቋመ ሲሆን፣ ከነጻነት በኋላ የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያህል ሆኖ ያገለግል ነበር። ጥላሁን መድረክ አያያዝን፣ ግጥም አወራረድን፣ ከመሣሪያ ጋር መስማማትን የተማረው በዚያ ነው። ድምፁ ገና የልጅ ድምፅ ሳለ የአዋቂ ኀዘን ይሸከም ስለ ነበር አድማጭ ፈጥኖ ለየው።

በወታደር ልብስ ውስጥ ያለ ድምፃዊ

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጥላሁን ወደ ክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተዛወረ። የዚያ ዘመን ታላላቅ ኦርኬስትራዎች በመንግሥት እጅ ነበሩ፤ ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊትና ፖሊስ ሠራዊት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ባንድ ነበራቸው። ሙዚቀኛው ደመወዙን የሚቆርጥለት፣ ልብሱን የሚያለብሰውና የሚያዝዘው ወታደራዊ ክፍሉ ነው። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ፣ ጡሩምባውና ሳክስፎኑ፣ ለሰልፍ የመጡ ቢሆኑም በእነ ሳህሌ ደጋጎ የዜማ ድርሰትና ቅንብር ከኢትዮጵያ ቅኝት ጋር ተዋሐዱ። የጥላሁን ድምፅ በእነዚያ የናስ መሣሪያዎች ላይ ከፍ ብሎ ሲወጣ አዲስ ዓይነት ሙዚቃ ተወለደ።

ነገር ግን በመንግሥት ቤት ያደገ ሙያ ከመንግሥት ነፋስ አያመልጥም። በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ለጉብኝት ብራዚል ሳሉ፣ የክቡር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ አደረጉ። ሙከራው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሸፈ። የክፍሉ አባል መሆን ብቻ ጥርጣሬን ያስከትል ነበርና ጥላሁንም ተይዞ ታሰረ። ሃያ ዓመት የሞላው ገና በዚያው መስከረም ነበር።

ከእስር ከወጣ በኋላ ሥራውን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው ቤት፣ ቀጠለ። በዚህ ቤት የሙዚቃውን ክፍል ያሳደጉት ትውልደ አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያን ነበሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዐምሃ እሸቴ የግል የሸክላ ኩባንያ በመክፈት የመንግሥትን ብቸኛ ባለመብትነት ሲሰብር፣ ዘፈን ከቴአትር አዳራሽ ወጥቶ በሱቅ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ። የጥላሁን ሥራዎችም በፊሊፕስ፣ በዐምሃና በካይፋ ሸክላዎች ታትመው ተሠራጩ። ኩሉን ማን ኳለሽ፣ ላንቺ ብዬ፣ አይከዳሽም ልቤና ሌሎችም ዘፈኖቹ በሠርግና በጭፈራ ቤት፣ በራዲዮ የዘፈን ምርጫና በየሻይ ቤቱ ይደመጡ ጀመር።

ከወሎ የተቀዳ ጉሮሮ

ጥላሁን ወሎ ባይወለድም ያዜመበት የቅኝት ሀብት በእጅጉ ወሎዬ ነው። የአማርኛ ዘፈን ከሚያርፍባቸው አራቱ ቅኝቶች መካከል ባቲና አምባሰል ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ምድር ነው፤ አንደኛው በሰኞ ገበያዋ ከምትታወቀው ከተማ፣ ሁለተኛው ከአምባው። ትዝታና አንቺሆዬም ከወሎ አዝማሪ ጋር ተያይዘው የሚነሱ ናቸው። በመሰንቆና በእንጉርጉሮ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው ይህ ሀብት፣ በጥላሁንና በዘመነኞቹ እጅ ከከተማው ኦርኬስትራ ጋር ሲገጣጠም ገበሬው ለጆሮው ባዕድ ሆኖ አላገኘውም። መሣሪያው አዲስ ይሁን እንጂ የዜማው ወዝ የማሽላ ማማ ላይ ሆኖ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ከሚያንጎራጉረው የራቀ አልነበረም።

ዜማ ቋንቋን ተሻግሮ እንደሚሄድ በዚያው ዘመን በሩቅ ምሥራቅም ታይቷል። ከጥላሁን በአንድ ዓመት የሚያንሰው ጃፓናዊው ድምፃዊ ኪዩ ሳካሞቶ በጃፓንኛ የዘፈነው አንድ ዘፈን በሰኔ 1955 ዓ.ም በአሜሪካ የዘፈን ሠንጠረዥ ላይ የመጀመሪያውን ቦታ ያዘ። አሜሪካውያን ቃሉን አይረዱም ነበር፤ ነጋዴዎቹም ከግጥሙ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው የጃፓን የሥጋ ወጥ ስም ሸጡላቸው። ሰዉ ግን እንባውን ለመደበቅ ወደ ሰማይ እያየ የሚሄድ ሰው ኀዘን ከድምፁ ብቻ ገባው። ጥላሁንም በኦሮምኛ የተጫወተው አካም ነጉማ ኦሮምኛ በማይናገሩ ሰዎች አፍ ሲዜም የኖረ ነው። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በአንድ ገበያ በሚሰማበት በራያ ምድር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የቋንቋው ባለቤት ሳይሆኑ የዘፈኑ ባለቤት መሆን ይቻላል።

የ1965 እና የ1966 መከራ

በ1960ዎቹ አጋማሽ በወሎ የዘነበው ዝናብ የተጠበቀውን ያህል አልነበረም። በቆላው ማሽላ የሚዘራ ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ማስረዳት አያስፈልገውም። እንደ ደጋሊትና ጅጉርቲ ያሉ ዘግይተው የሚደርሱ የማሽላ ዝርያዎች በጊዜ ተዘርተው ረጅም እርጥበት ካላገኙ አገዳ እንጂ እሸት አይሰጡም። የበልጉ ዝናብ ሲቀር ዘሩ ይዘገያል፤ የክረምቱ ዝናብ ቀድሞ ሲወጣ ደግሞ የዘገየው ሰብል ሳያፈራ ይደርቃል። ሁለቱ ሲደራረቡ ጎተራው ባዶ ይሆናል።

ይሁንና ሰውን የገደለው የዝናብ እጥረት ብቻ አልነበረም። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ያን ረሀብ መርምረው በ1981 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳመለከቱት፣ በሀገሪቱ ያለው እህል በአጠቃላይ እጅግ አልቀነሰም ነበር፤ በደሴ ገበያም ዋጋው ከልክ በላይ አልናረም። የጠፋው የገበሬው የመግዛት አቅም ነው። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ የሚሸጠው ከብቱን ብቻ ነበር፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊሸጥ በወጣ ጊዜ የበሬ ዋጋ ወረደ። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ በሬውን አጥቶ እህሉንም ሳያገኝ ቀረ፤ ጥቂት እህል ከራሱ ከወሎ እየተጫነ ወደ ሌላ ቦታ ሲወጣም ታየ። በሬ የሸጠ ገበሬ ዝናብ ቢመጣም የሚያርስበት የለውም። ረሀቡ ከአንድ ዓመት ወደ ሌላው የተሻገረው ለዚህም ጭምር ነው።

የሞቱት ሰዎች ቁጥር ግምት ከአሥር ሺዎች ተነስቶ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነገሩን ለረጅም ጊዜ ሸሸገው። በ1965 ዓ.ም የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ከወሎ ያመጡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው ለእይታ አቀረቡ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየና ዓለም አወቀ። ይኸው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም ማታ ነው፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የወሎ ገበሬ ሞት ለዘመናት የቆየ ዙፋን እንዲወድቅ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ሆነ።

ዋይ ዋይ ሲሉ

ጥላሁን ዋይ ዋይ ሲሉ የተሰኘውን ዘፈን የተጫወተው ስለዚህ ረሀብ ነው። እስከዚያ ድረስ ስሙ የገነነው በፍቅር ዘፈን ነበር፤ ናፍቆትን፣ መለየትን፣ የወዳጅን ውበት ሲያዜም የኖረ ድምፅ ነበር። በዚህ ሥራው ግን ያ ለፍቅረኛ የሚያለቅስ ድምፅ ለተራበ ወገን አለቀሰ። ርእሱ ራሱ ቅኔ አይሻም፤ ሰው ሲጨንቀው የሚያወጣው ጩኸት ነው። ጥላሁን ያደረገው ያን ጩኸት ከተራበው አፍ ተቀብሎ ሆዱ ለሞላ አድማጭ ማድረስ ነበር።

ይህን ለመገመት የዚያን ጊዜ አድማጭ ማሰብ ይገባል። በከተማ የሚኖረው ሰው ስለ ወሎ የሚሰማው በሹክሹክታ ነበር። ፎቶግራፉን ያየው ጥቂት ነው፤ ቴሌቪዥን ያለውም ከዚያ ያነሰ ነው። ዘፈን ግን በር አንኳኩቶ አይገባም፤ ራዲዮ ከተከፈተ ይገባል። ማንበብ የማይችለው፣ ጋዜጣ የማይደርሰው፣ ስለ ዝናብና ስለ ገበያ ዋጋ የማይከታተለውም ሰው የጥላሁንን ድምፅ ያውቀዋል፤ ስለዚህም የወሎን መከራ ከሚያውቀው ሰው አፍ ሰማ። ለተጎጂው ደግሞ ትርጉሙ ሌላ ነበር። ለምኖ ሲያልፍ ፊት የነሣው ከተማ ስለ እርሱ ሲያዜም መስማት፣ ሞቱ ተደብቆ እንዳልቀረ ማወቅ ነው።

ዘፈን እህል አይሆንም። ማንንም አላበላም፤ የሞተውንም አልመለሰም። ነገር ግን ረሀብ የሚገድለው ከሁሉ በፊት በዝምታ ውስጥ ነው። የወሎን ሕዝብ የጎዳው ትልቁ በደል መከራው እንዳልተከሰተ መቆጠሩ ነበርና፣ መከራው ሆኗል ብሎ በአደባባይ የሚያለቅስ ድምፅ ዋጋው በኩንታል አይለካም።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም፣ ረሀቡ እንደገና መጣ። በዚህ ጊዜ የዓለም ዐይን ያረፈው ከቆቦ ብዙም በማትርቀው በኮረም ሜዳ ላይ ነበር። የቢቢሲው ማይክል በርክ በጥቅምት ወር ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ የአውሮፓንና የአሜሪካን ድምፃውያን ቀሰቀሰ፤ በኅዳር ወር እንግሊዛውያን፣ ከዚያም አሜሪካውያን በጋራ እየዘፈኑ ለኢትዮጵያ ገንዘብ አሰባሰቡ፤ በሐምሌ ወርም ታላቁ የለንደንና የፊላደልፊያ ኮንሰርት ተካሄደ። ያ ሁሉ መልካም ሥራ ሲታወስ አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። እነርሱ ከመዝፈናቸው ዐሥር ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ስለዚሁ ምድር ረሀብ በገዛ ቋንቋው ዘፍኗል። የእነርሱ ዘፈን ሩቅ ላለ ሰው የሚያዝን ነበር፤ የእርሱ ዘፈን የወገን ልቅሶ ነበር።

ዘመንን የተሻገረ ሠራተኛ

አብዮቱ ለሙዚቀኛ ምቹ ጊዜ አልነበረም። የሰዓት እላፊ ዐዋጁ የአዲስ አበባን የምሽት ቤቶች አጨለመ፤ የሸክላ ሥራ ተዳከመ፤ ብዙ ከያንያንም ተሰደዱ። ጥላሁን ግን በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ ቆየ። ሸክላ በካሴት ሲተካ ድምፁ ከከተማ ወደ ገጠር ይበልጥ ዘለቀ፤ ባትሪ ያለው ቴፕ ያለ መብራት ይሠራልና። ንጉሡ ሄደው ደርግ መጣ፤ ደርግም ሄዶ ኢሕአዴግ ገባ። በሦስቱም ዘመን ሲዘፍን የኖረ ሰው ነው። ስለ ሀገሩ ያዜማቸው ዘፈኖቹም ከአንዱ መንግሥት ጋር አልተቀበሩም፤ የሚቀጥለው ዘመን ሰውም የራሱ አድርጎ ዘፈናቸው።

ላበረከተው አስተዋጽኦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል፤ ከኢትዮጵያ የሥነ ጥበባትና መገናኛ ብዙኃን ሽልማት ድርጅትም የሕይወት ዘመን ሽልማት ተቀብሏል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የድሮውን የኢትዮጵያ ሙዚቃ ለዓለም በሚያቀርብበት ተከታታይ ሥራ ውስጥ 17ኛው ሙሉ በሙሉ የጥላሁን ሆኗል። ትምህርት ቤት ጥሎ በጭነት መኪና የጠፋው ልጅ በዩኒቨርሲቲ የክብር ካባ መልበሱን አያቱ አይተው ቢሆን ምን ይሉ ነበር ያሰኛል።

የኋለኛው ዕድሜው ሕመም የበዛበት ነበር። የስኳር በሽታ ጤናውን ጎድቶት አንድ እግሩ እስከ መቆረጥ ደረሰ። ያም ሆኖ ከመድረክ አልራቀም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሕዝብ ዘፍኗል። በመጨረሻም ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም፣ በትንሣኤ በዓል ዕለት፣ በ68 ዓመቱ በአዲስ አበባ ዐረፈ። በመስቀል ተወልዶ በፋሲካ ሞተ። ሀገሩ በጾም መፍቻው ቀን ሐዘን ተቀመጠ። በመንግሥት ደረጃ በተዘጋጀ ሥነ ሥርዓትና እጅግ ብዙ ሕዝብ በተገኘበት ሽኝት ሥርዓተ ቀብሩ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተፈጸመ። አዝማሪነት በተናቀበት ዘመን ሙያውን የጀመረው ሰው፣ አርበኞችና መሳፍንት ባረፉበት ቅጥር ግቢ ዐረፈ።

ዛሬ በራያ ቆቦ ሜዳ ላይ የከርሰ ምድር ውኃ በቦይ እየተመራ በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል፤ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍም እንደ ጥንቱ ተጠልፎ የማሽላ ማሳ ይጠጣበታል። ቶሎ የሚደርሱ የማሽላ ዝርያዎችም ከነባሮቹ ጎን ይዘራሉ። ይሁንና አብዛኛው ማሳ አሁንም ወደ ሰማይ የሚያይ ነው፤ አቀንጭራውም፣ አንበጣውም፣ የዝናቡ መዘግየትም አልቀሩም። የበልግ ዝናብ በቀረ ቁጥር በዕድሜ የገፉት የዚያን ክፉ ዘመን ምልክቶች ለልጆቻቸው ይቆጥራሉ፦ የበሬ ዋጋ መውረድ፣ የጎረቤት ቤት መዘጋት፣ የመንገድ ዳር ሰልፍ።

ልጆቹ ያን ዘመን አላዩትም። መጽሐፍ ያነበበው ጥቂቱ ነው። የዘፈኑን ርእስ ያልሰማ ግን ብዙ አይገኝም፤ ዛሬ በእጅ ስልካቸው ፈልገው ያገኙታል። ስለ ማን እንደተዘፈነ ሲጠይቁ መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ስለ አያቶቻቸው ነው። ጥላሁን ገሠሠ ለራያና ለመላው ወሎ ትቶት የሄደው ቅርስ ይኸው ጥያቄ ነው፤ የሚመልሱት ሽማግሌዎችም ገና በሕይወት አሉ።